ፒሲቲን በሙሉ ለመጓዝ፦ የቪዛው ስሌት እንዴት ይሠራል?

ፓስፊክ ክረስት ትሬይል፣ በአጭሩ ፒሲቲ፣ ከሜክሲኮ ድንበር ካምፖ ከምትባል የካሊፎርኒያ መንደር አጠገብ ተነስቶ፣ ኦሪገንንና ዋሽንግተንን አቋርጦ የካናዳ ድንበር ላይ የሚያበቃ የ4,265 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ ነው። ሙሉውን መጨረስ አምስት ወር ገደማ ይፈጃል። የውጭ አገር ተጓዥን የሚያስቸግረውም ይኸው አምስት ወር ነው።

በኢስታ፣ ማለትም ያለ ቪዛ አሜሪካ ለመግባት በኢንተርኔት በሚጠየቅ ፈቃድ፣ የሚገባ ሰው 90 ቀን ብቻ ይሰጠዋል፤ አይራዘምም። ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ደርሶ መመለስም ቀኑን እንደ አዲስ አያስቆጥርም። ስለዚህ የእስራኤል ወይም የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያለዎት ቢሆኑም፣ ሙሉውን ለመሄድ ቢ2 የጎብኚ ቪዛ ያስፈልግዎታል። ኢስታው የሚበቃው ለአንድ ክፍል ነው፤ ለምሳሌ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነው የዋሽንግተን ክፍል።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚያመለክት ደግሞ ስሌቱ ጠበቅ ይላል። ከጁላይ 2025 ወዲህ የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለአንድ መግቢያ ብቻ፣ ለሦስት ወር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቪዛው ላይ ያለው ቀን እስከ መቼ መግባት እንደሚችሉ እንጂ እስከ መቼ መቆየት እንደሚችሉ አይናገርም። የቆይታውን ጊዜ የሚወስነው ሲገቡ የሚቀበልዎ መኮንን ነው፤ አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ለቢ2 አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ነው። እንግዲህ ከመነሻው ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ጉዞዎ ኤፕሪል 20 የሚጀመር ከሆነ ጃንዋሪ 5 የተሰጠ ቪዛ ሳይነሱ ይቃጠላል፤ በፌብሩዋሪ አጋማሽ የተሰጠ ግን ያደርስዎታል። ኢንተርቪውን ወደ መጨረሻው አይግፉት፤ ፋይሉ ለተጨማሪ ማጣሪያ ሊቆይ ይችላል። ቀድመው መግባትም አይጠቅምም፣ ስድስት ወሩ ከገቡበት ቀን ይቆጠራልና። ኤፕሪል 15 የገባ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ጊዜ አለው፤ ሰሜኑን በረዶ ሳይዘጋው በሴፕቴምበር መጨረስ ይችላል።

የትሬይሉ ፈቃድ ሌላ ጉዳይ ነው። በነጻ ነው፤ ከደቡብ ድንበር በቀን ለ50 ሰው ብቻ ይሰጣል፣ ማመልከቻው በኖቬምበርና በጃንዋሪ ይከፈታል። ቪዛ አያስገኝም፣ የመነሻ ቀንዎን ግን በወረቀት ያሳያል።

ዲኤስ-160 የተባለውን የቪዛ ማመልከቻ ፎርም ሲሞሉ አሜሪካ የሚያርፉበትን አድራሻ ይጠየቃሉ። ድንኳን አድራሻ የለውም፤ ሳን ዲዬጎ የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያድሩበትን ሆቴል ይጻፉ። የቆይታ ጊዜውን አምስት ወር ከሆነ አምስት ወር ይበሉ። ፎርሙ ላይ «ሁለት ሳምንት» ብሎ አየር ማረፊያ ላይ «አምስት ወር» የሚል ሰው ዋሽቷል ተብሎ ከነጭራሹ ሊታገድ ይችላል። ክፍያው 185 ዶላር ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ገልፍ ያሉ ደግሞ ኢቃማ ባላቸው አገር ያመልክቱ፤ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ኢንተርቪው የሚደረገው በዜግነት ወይም በመኖሪያ አገር ነው።

ሕጉ አመልካቹን ሁሉ ሊቀር ነው ብሎ ይነሳል፤ ተቃራኒውን የማሳመን ሸክሙ የእርስዎ ነው። አምስት ወር ሙሉ ሥራ የሚተው ሰው ደግሞ በተለይ ያጠራጥራል። የፈቃዱን ርዝመትና ወደ ሥራ የሚመለሱበትን ቀን የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ፣ ገንዘቡ ቀስ በቀስ መጠራቀሙን የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንት ይያዙ። በቀጠሮው ሳምንት ድንገት የገባ ትልቅ ብር ከመርዳት ይልቅ ይጎዳል። ቪዛው ሳይታተም ትኬት አይግዙ።

እንደገቡ፣ ከሳን ዲዬጎ ሳይወጡ አይ-94ን ከኢንተርኔት አውጥተው ቀኑን ያረጋግጡ፤ ቅጂውንም ከፓስፖርቱ ጋር ውኃ በማያስገባ ፌስታል ይያዙ። ካምፖ አካባቢ የድንበር ጠባቂዎች ወረቀት ይጠይቃሉ። የተሰጠዎት ጊዜ ካነሰ የማራዘሚያውን አይ-539 ፎርም ቀኑ ከማለቁ ቢያንስ 45 ቀን በፊት ያስገቡ።

የሰሜኑ ጫፍ ላይ የትሬይሉን ማብቂያ የሚያሳየውን ሐውልት ነክተው ይመለሱ። ካናዳ በትሬይሉ በኩል ለሚገቡ ትሰጥ የነበረውን ፈቃድ በ2025 አቁማለች፤ የአንድ መግቢያ ቪዛ የያዘ ሰው ደግሞ ቢሻገር መመለሻው ያስቸግረዋል። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተጉዘው ሃርትስ ፓስ ላይ መኪና መንገድ ያገኛሉ፤ ለዚህ የሁለት ሦስት ቀን ስንቅ ይጨምሩ። የመልስ በረራዎን ከሲያትል ያድርጉት፣ አይ-94 ላይ ካለው ቀን ቢያንስ በአንድ ሳምንት ቀደም ብሎ።