የአሜሪካን ቅድመ ምርጫ ደሴ ላይ ሆኖ መቁጠር

ፒያሳ ቡና ይዞ «ትናንት ማን አሸነፈ?» ብሎ መሟገት ቀላል ነው። የፓርቲ ዕጩነት የሚገኘው ግን በዴሊጌት (በፓርቲው ጉባኤ ላይ ዕጩውን በሚመርጡ ተወካዮች) ቁጥር ነውና ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

መጀመሪያ ዓመቱን አጥሩ። «የ2008ቱ ፉክክር» ሲባል አንዱ ኦባማንና ሂላሪ ክሊንተንን፣ ሌላው ትራምፕንና ክሩዝን ያስባል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የፊተኛው በፈረንጅ፣ የኋለኛው በእኛ አቆጣጠር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በክረምታቸው ኒውዮርክ ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ምሥራቅ ላይ ምሽት 1 ሰዓት የሚዘጋ ምርጫ እዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል፤ ካሊፎርኒያ የምትዘጋው እዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። ከማርች ሁለተኛው እሑድ በኋላ ልዩነቱ ወደ 7 ይወርዳል።

ወደ ቆጠራው። በዴሞክራቶች ዘንድ ከ15 በመቶ በታች ያገኘ ዴሊጌት አይደርሰውም። የቀሩት በድምፃቸው ልክ ይካፈላሉ፤ ይህም ለግዛቱ በሙሉና ለየምርጫ ክልሉ ለየብቻ ይሰላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምርጫ ክልሉ ላይ ነው። 4 ዴሊጌት ባለው ክልል ሁለት ተፎካካሪዎች 60 ለ40 ቢወጡ ድርሻቸው 2.4 እና 1.6 ነው። ሙሉ ቁጥሩን ስጡ፣ ማለትም 2 እና 1፤ የቀረችውን አንዷን ትርፉ ለሚበልጠው ስጡ። 0.6 ከ0.4 ይበልጣልና 2 ለ2 ሆነ! በ20 ነጥብ የመራው ምንም አላተረፈም። 3 ለ1 ለመውሰድ ከ62.5 በመቶ በላይ ያስፈልገዋል። 5 ዴሊጌት ያለው ክልል ግን በጠባብ ልዩነትም 3 ለ2 ይሰጣል። ስለዚህ ብልህ የዘመቻ ቡድን ገንዘቡን ጎዶሎ ቁጥር ወዳለበት ይልካል።

በ2008 ክሊንተን ትልቋን ኒው ጀርዚን በዴሊጌት 59 ለ48 አሸንፋ 11 ስታተርፍ፣ ኦባማ በዚያው ቀን ትንሿን አይዳሆ 15 ለ3 ወስዶ 12 አተረፈ። ዜናው ያወራው ስለ ትልልቆቹ ነበር።

የሪፐብሊካኖቹ ደንብ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በ2016 ትራምፕ ሳውዝ ካሮላይና ላይ ከድምፁ ሲሶ ያህል ብቻ አግኝቶ 50ውንም ዴሊጌት ጠቅልሏል፤ ተቀናቃኞቹ ድምፁን ተከፋፍለውት ነበር። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት የሚቀጥለውን ግዛት ደንብ ከወረቀቱ ራስጌ ጻፉት፦ በድርሻ ነው ወይስ ጠቅላይ? ያለዚያ ጠዋት የምታዩት መቶኛ ምንም አይነግራችሁም።