ባህር ዳር ቤት ስትከራዩ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ውሉን ጨርሱ

አባይ ማዶም ይሁን ቀበሌ 14፣ ደላላው ቤቱን እንዳሳያችሁ ቀብድ ነው የሚጠይቀው፣ ውል ካነሳችሁ "ምን ችግር አለው እንተማመናለን" ይባልና ይታለፋል። በኋላ ወይ ጨምሩ ወይ ልቀቁ ስትባሉ ታዲያ እጃችሁ ላይ ምንም የለም፣ ልጅ ይዛችሁ በሳምንት ውስጥ ሌላ ቤት ከየት ታገኛላችሁ?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ 1320/2016 የሚባል አለ። ውል በጽሁፍ ይሁን፣ ከ2 አመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይብለጥ፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ግን ከአዲስ አበባና ድሬዳዋ ውጪ የሚሰራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ክፍለ ከተማችሁ ሄዳችሁ ውል ትመዘግባላችሁ ወይ በሉ። አንመዘግብም ቢሏችሁም ውሉን ጻፉት፣ ምስክር የፈረመበት ወረቀት ክርክር ቢመጣ ማስረጃ ነው።

ውሉ ላይ የኪራዩን ብር ብቻ አትጻፉ፣ ጠቡ ያለው ቆጣሪው ላይ ነው! አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ መብራቱ በሰው ነው የሚካፈለው ወይስ በክፍል? የኤሌክትሪክ ምጣድ ይፈቀዳል? ውሃ ሲጠፋ ከበርሜሉ ማን ይቀዳል? ሽንት ቤቱ ሲሞላ የማስመጠጫውን ማን ይከፍላል? ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ሰው የሚባረረው በዚህ ነው። ኪራዩን ደግሞ በባንክ ወይ በቴሌብር ክፈሉ፣ ደረሰኙን አታጥፉት።

አከራዩ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ግብር ፈርቶ ነው። ሁሉም ሀብታም እንዳይመስላችሁ፣ ሁለት ሰርቪስ አከራይተው በዛ የሚኖሩ ጡረተኛ አሉ፣ "እትዬ፣ ወረቀቱ ለእርስዎም ነው፣ ሳልከፍል ብጠፋ በምን ይጠይቁኛል?" ብትሏቸው ይሰማሉ። ስድስት ወር ቅድሚያ አምጡ ከሚል ነጋዴ ጋር ግን ጊዜ አታጥፉ።

ምዝገባው እናንተ ጋ ካልተጀመረ ብቻችሁን አትመላለሱ። የሰፈሩን ተከራዮች አስፈርሙ፣ የምትጠይቁትን አንድ ነገር አድርጉት፣ "የኪራይ ውል መመዝገቢያ ይከፈትልን" በቃ፣ የኮንዶሚኒየሙንም የማህበር ቦታውንም ጥያቄ አብራችሁ ከጨመራችሁበት ማንም አያነበውም። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ኮፒያችሁ ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ኃላፊው ቢቀየር እንኳ አዲሱ ጋ ይዛችሁት ትገባላችሁ።