የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ላይ የሚያሳስቱን ነገሮች

«ምንም ሳያመኝ ለምን እመረመራለሁ?» ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ቅድመ ምርመራ እኮ የተዘጋጀው ላላመማት ሴት ነው። ኤችፒቪ የሚባለው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ካንሰር እስኪያመጣ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕመም የለ፣ ደም የለ፣ ምንም የለ። ከግንኙነት በኋላ መድማት ሲጀምር ነገሩ ገፍቶ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ይመርመሩ የሚባለውም ለዚህ ነው። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ሴት ግን 30 እስኪሞላት አትጠብቅ፤ እሷ ላይ ለውጡ ይፈጥናል።

ሌላው በወሬ ፈርቶ መቅረት ነው። «ማኅፀን ይነካል» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። የሚደረገውን ልንገርሽ፦ አልጋ ላይ ትተኛለሽ፣ ነርሷ ወይም አዋላጇ በመሣሪያ ከፈት አድርጋ የማኅፀን በሩን ታያለች፣ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ በውሃ ቀጥኖ፣ በጥጥ ትቀባና አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች። ነጭ ሆኖ የወጣ ቦታ ካለ ለውጥ ሊኖር ይችላል። አለቀ። ትንሽ ያቃጥል ይሆናል፣ ደስም አይልም፣ ግን የሚቆረጥ ነገር የለም። ናሙናውን ራስሽ የምትወስጂበት የኤችፒቪ ምርመራም ስላለ በአካባቢሽ ይኖር እንደሆነ ጠይቂ።

«ፖዘቲቭ ነሽ» ሲባል ደግሞ ካንሰር ወይም ኤችአይቪ ያዘኝ ብሎ መደንገጥ አለ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሴቷ ብቻ አይመስለኝም፤ ወረቀቱን ሰጥቶ «ቀጣይ!» የሚል ባለሙያም ሞልቷል። ስለዚህ ቆም ብለሽ ጠይቂ፦ ምን ማለት ነው? ካንሰር ነው? ዛሬውኑ ይታከማል? መቼ ልመለስ? ብዙ ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ወይ ቫይረሱ ተገኝቷል፣ ወይ ከካንሰር በፊት ያለ ለውጥ ሊኖር ይችላል ማለት ነው፣ ለውጡም ብዙ ጊዜ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ይታከማል። ቤት ገብተሽም ባልሽን «ከየት አመጣህብኝ» አትበዪው። ቫይረሱ ድምፁን አጥፍቶ ዓመታት ይቆያል፤ መቼና ከማን እንደመጣ ምርመራው አይናገርም።

ክትባት ወስጃለሁ ብሎ መተውም አያዋጣም። እኛ ጋ ክትባቱ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ እነዚያ ልጆችም ቢሆኑ ዕድሜያቸው ሲደርስ ይመርመሩ፣ ምክንያቱም ሁሉንም የኤችፒቪ ዓይነት አይሸፍንም።

የወር አበባ ላይ ሆነሽ አትሂጂ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ውጤቱ ነፃ ቢሆንም አንዴ ታይቶ የሚተው ነገር አይደለም። የመመለሻው ጊዜ እንደ ምርመራው ዓይነት ስለሚለያይ ቀኑን እዚያው ጠይቀሽ ስልክሽ ላይ መዝግቢው፤ ካርዱ ይጠፋል።