የመስከረምን መስክ የሚያስታውስ ባለ ሞዛይክ ሳሙና

ሥራው የሚጀምረው ትዝታን በመምረጥ ነው፤ በልጅነት የታየ የመስከረም መስክ ከሆነ፣ የአደይ አበባው ቢጫ፣ የሣሩ አረንጓዴና የአፈሩ ቡናማ ይበቃሉ። ቀልጦ የሚፈስ የግሊሰሪን ሳሙና በሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ሳይፈላ ከቀለጠ በኋላ ሦስት ቦታ ተከፍሎ አንዱ በእርድ ዱቄት፣ ሌላው ለሳሙና በተዘጋጀ አረንጓዴ ቀለም፣ ሦስተኛው በደቀቀ ቡና ይቀለማል። የእርድ ቢጫ በብርሃን እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ትዝታም እንዲሁ ስለሆነ እኔ እንደ ጉድለት አላየውም።

የረጋው ሳሙና በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተቆራርጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይደረደራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ቁርጥራጮቹ ከእሳት ርቆ የሕክምና አልኮል ካልተረጨባቸው በላያቸው ከሚፈስባቸው ሌላ የቀለጠ ነጭ የግሊሰሪን ሳሙና ጋር በደንብ አይጣበቁም፤ ነጩ ሳሙናም ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሳይበርድ ከፈሰሰ ያቀልጣቸዋል። ሌሊቱን ከረጋ በኋላ በስለታም ቢላ ሲቆረጥ መስኩ ይታያል።