ባዶውን የማስቶዶን ገጽ ለአዲስ ገቢዎች የሞላሁበት መንገድ

ማስቶዶን ማንም የራሱን ሰርቨር ከፍቶ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር ሊያገናኘው የሚችል ማኅበራዊ መረብ ነው። በማስተዳድረው አነስተኛ የማስቶዶን ሰርቨር አዲስ የተመዘገቡ ሰዎች ባዶ ገጽ እያዩ ተስፋ ቆርጠው ይወጡ ነበር። ነገሩ ብልሽት አልነበረም፤ ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ጽሑፍ በሚለዋወጡበት በአክቲቪቲፐብ የተባለ ደንብ አሠራር ለአንድ ሰርቨር በአብዛኛው የሚደርሰው የራሱ ተጠቃሚዎች የሚከተሏቸው ሰዎች ጽሑፍ ስለሆነ፣ የሚከተል በሌለበት የሚመጣም የለም። በመጀመሪያ በአስተዳዳሪው ገጽ የአንድ ሪሌይ (የብዙ ሰርቨሮችን ይፋዊ ጽሑፎች ተቀብሎ ለሌሎቹ የሚያሰራጭ ማዕከል) አድራሻ ጨመርኩ፤ ይህም ከሌሎች ሰርቨሮች የመጡ ጽሑፎች የሚታዩበትን የጋራ የጊዜ መስመር ቢሞላውም ዲስኩን በፍጥነት ስለሚያጨናንቅ፣ ከሌሎች ሰርቨሮች የተቀዱ ምስሎች ከተወሰኑ ቀናት በኋላ እንዲሰረዙ አደረግሁ። ይበልጥ የጠቀመው ግን በየፍላጎት ዘርፉ፣ ፈቃዳቸውን የሰጡ ጸሐፊዎችን አድራሻ በሲኤስቪ (ዝርዝርን በሠንጠረዥ መልክ በሚይዝ ተራ የጽሑፍ) ፋይል ማዘጋጀቴ ነው፤ አዲሱ ሰው ፋይሉን በቅንብሮች ውስጥ ሲያስገባ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይከተላል። ከስሪት 4.0 ጀምሮ ሃሽታግ መከተል ስለሚቻልም፣ ይህንኑ በአቀባበል መልእክቱ መጀመሪያ ላይ አሰፈርሁት።