ደብረ ብርሃን ላይ አትሌት ለምታሠለጥኑ

የልጆቹን ትንፋሽ በ12 ደቂቃው የኩፐር ሩጫ (በ12 ደቂቃ ውስጥ የተሮጠው ርቀት በሚለካበት ፈተና) ስትለኩ፣ ውጤቱን ኢንተርኔት ላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር አታወዳድሩ። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ጎበዝ የሚባለውም ልጅ ርቀቱ ያጥርበታል። ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሮጠውንም ከዚህኛው ጋር አትቀላቅሉ። እዚያው ደብረ ብርሃን፣ በተለመደው ሜዳ ላይ፣ ነፋሱ ሳይነሳ በማለዳ ፈትኑትና ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር አስተያዩት።

ለአናኤሮቢኩ፣ ማለትም ለአጭርና ለፈጣን ጥረት ለሚያስፈልገው አቅም ደግሞ፣ 35 ሜትር በሙሉ ኃይል 6 ጊዜ ይሩጥ፤ በየመሀሉ 10 ሰከንድ ብቻ ይረፍ። የእያንዳንዱን ሰዓት ጻፉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ይደሰታል፤ እኔ ግን ስድስተኛውን ነው የማየው። ልዩነቱ ከሰፋ ልጁ ፈጣን ቢሆንም ቶሎ ይዝላል ማለት ነው። ሁለቱን ፈተና በአንድ ቀን እንዳትደራርቡበት ብቻ!