የኮምቦልቻ ሳሎን ስንት ቢቲዩ ይበቃዋል? የኤር ኮንዲሽነር መጠን ችግርና መፍትሔ

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ቤት እምብዛም የላትም፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ግን፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከተገጠመ በኋላ «ተበላሸ» የሚባለው ኤር ኮንዲሽነር ብዙ ጊዜ የተበላሸ ሳይሆን ለክፍሉ ያልተመጠነ ነው። መጠኑ የሚነገረው በቢቲዩ ነው፤ ማሽኑ በሰዓት ከክፍሉ የሚያወጣው የሙቀት ልክ ማለት ነው።

ቶሎ አቀዝቅዞ ቶሎ ይቆማል፤ ቤቱ ግን እርጥበት እርጥበት ይላል

መሣሪያው ለክፍሉ በዝቶበታል። እኔም 4 በ5 ሜትር ለሆነው ሳሎኔ 24,000 ቢቲዩ የገጠምኩት «ትልቁ ይሻላል» ተብዬ ነበር። ሰዓት ይዤ ስከታተለው ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) አራት ደቂቃ ሠርቶ ይቆማል፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነሣል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ አየሩ እየቀዘቀዘ የሶፋው ጨርቅ እርጥብ እርጥብ ይሸት ጀመር። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ውኃ ሆኖ በቱቦው የሚወርደው መሣሪያው ሳያቋርጥ ሲሠራ ስለሆነ፣ ቶሎ ቶሎ የሚቆም ማሽን ብርዱን ሰጥቶ እርጥበቱን ይተወዋል፤ በየመነሻው የሚደርሰው ጫናም ኮምፕረሰሩን ያደክመዋል።

መፍትሔው ከመግዛት በፊት ማስላት ነው። ጣሪያው እጅግ ከፍ ላላለ ክፍል በካሬ ሜትር 600 ቢቲዩ ያዙ፤ የእኔ ሳሎን 20 ካሬ ስለሆነ 12,000 ይበቃው ነበር ማለት ነው። ዘወትር ከሁለት ሰው በላይ የሚቀመጥበት ከሆነ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 600 ጨምሩ፤ የከሰዓት ፀሐይ በትልቅ መስኮት የሚገባበት ከሆነም ከ10 እስከ 20 በመቶ። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት የኮምፕረሰሩን ፍጥነት ስለሚቀንስ ችግሩን ያለዝበዋል፤ ሆኖም እሱም ከተወሰነ በታች መውረድ ስለማይችል የእጥፍ ስሕተትን አያርምም።

ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነው የኮምቦልቻ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ማሽኑ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ላይሰጥ ይችላል። በሌላ በኩል ያ ቁጥር የሚለካው ውጪው 35 ዲግሪ ሆኖ ነው፤ የእኛ ቀን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ስለሚቀዘቅዝ ሁለቱ በከፊል ይካካሳሉ። በከፍታው ሰበብ አንድ ደረጃ የሚበልጥ ማሽን ሊሸጥላችሁ ለሚሞክር ሰው ይህንን ንገሩት።

ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ሪሞቱ ላይ የታዘዘው ዲግሪ ላይ ግን አይደርስም

ማሽኑ አንሷል ከማለታችሁ በፊት ፊልተሩን አውጥታችሁ እጠቡ፤ የውጪው ክፍል ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ወይም ዕቃ ተደግፎበት ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶት እንደሆነም ተመልከቱ። ከዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ወጥታችሁ መዳፋችሁን ኮርኒሱ ላይ አሳርፉ። እንደ ሰው ግንባር ከሞቀ፣ ሙቀቱን የሚያወርደው ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ነው። እዚህ ላይ ትልቅ ማሽን መጨመር በተቀደደ ጀሪካን ውኃ እንደመቅዳት ይሆናል፤ ኮርኒሱ ላይ የሙቀት መከላከያ ማንጠፍና በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚወጣበት ቀዳዳ መተው ይቀድማል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበረደና ስሌቱም ከማሽኑ ከበለጠ፣ ያን ጊዜ በእውነት አንሷል።

ሲነሣ አምፖሉ ይደክማል፣ አንዳንዴም ማሽኑ ራሱ ይጠፋል

ይህ የቢቲዩ ሳይሆን የመብራት ጉዳይ ነው። 12,000 ቢቲዩ በግምት 1 ኪሎ ዋት፣ 24,000 ደግሞ ከ2 በላይ ይስባል፤ ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ ከተጋራ ቮልቴጁ ይወርዳል። ባለሙያው ማሽኑ እየሠራ ሶኬቱ ላይ እንዲለካ አድርጉ፤ 220 መሆን የሚገባው በብዙ ካነሰ ከቦርዱ የራሱን መስመርና ብሬከር አስጎትቱ። መስመሩ ተስተካክሎም ከውጪ የሚመጣው የሚዋዥቅ ከሆነ ብቻ ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር ግዙ።

የደሴ ሰው ከጠየቀኝ የምመልሰው፣ ሙቀትም የሚሰጠውን ዓይነት መርጦ መጠኑን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ እንዲያሰላ ነው።